ከአውሮራ እስከ ላስ ቬጋስ፦ የአርቪያችን ጎማዎችና የአባባ ጣት

ከመነሳታችን በፊት

የእህቴ ልጅ ላስ ቬጋስ ውስጥ ልታገባ ነው። እኛ ያለነው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። መንገዱ 760 ማይል ገደማ ይሆናል። አባባ ለሠርጉ ብለው ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ ግን እንደገና አውሮፕላን ውስጥ መግባት አልፈለጉም፤ "እስቲ አገሩን በመሬት ልየው" አሉ። ባለቤቴ ደግሞ ለሠርጉ ያዘጋጀችውን በርበሬ፣ ሁለት ጆንያ የጤፍ ዱቄትና ትልቁን ምጣድ ትታ ንቅንቅ እንደማትል ነገረችን። በቃ፣ ባለፈው ኦክቶበር የገዛናት አርቪ፣ ውስጧ የሚታደርባት የጉዞ መኪና፣ ትውጣ ተባለ።

አርቪያችን ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራች ናት፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያላት ዓይነት። ፊት ሁለት ጎማ፣ ኋላ በግራም በቀኝም መንታ መንታ ሆነው አራት፣ በድምሩ ስድስት። ስገዛት ሻጩ መጀመሪያ ያሳየኝ ጎማዎቹን ነበር። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ጥቁር ቅባት ተቀብተው ያብለጨልጫሉ። እኔም አየሁ፣ አመንኩ፣ ከፈልኩ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ሹፌር ነበሩ። ከአሰብ አዲስ አበባ ከነተሳቢው ሲመላለሱ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። በመጡ በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ገና ሳይነጋ ውጭ ወጥተው አርቪዋን ሲዞሩ አገኘኋቸው። ከፊት ለፊቱ የግራ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብለው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጎኑ ላይ ጫን አደረጉት። ጥፍሩ የተጫነበት ቦታ ላይ ጎማው ተከፈተ። ከቅባቱ ሥር ጎኑ በሙሉ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጥቋል።

"ጥርሱን አትየው" አሉኝ። "ጎኑን እየው። ይሄ ጎማ ሽማግሌ ነው።"

ዕድሜውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፣ እዚያው ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ "ዶት" (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ማንበብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ችግሩ ሙሉው ቁጥር የሚታተመው ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው፤ የኋላ መንታዎቹ ላይ ደግሞ ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ምንጣፍ አንጥፌ ባትሪ ይዤ ሥሯ ገባሁ። 1912። በ2012 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ በ19ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህን የማነበው በ2024 ሜይ ወር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ልጆቼን አሳፍሬ ከዲንቨር ተራሮች ቁልቁል ልወርድበት የነበረው ጎማ ከትልቁ ልጄ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም አርቪ የሚገዙ ወገኖቻችን እየበዙ ነው። የዕለት መኪናችን ጎማ ጥርሱ አልቆ ነው የሚጣለው። የአርቪ ጎማ ግን ጥርሱ ሳይነካ ያረጃል፣ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ቆማ ነው የምትከርመው። ጎማ ውስጥ ከፀሐይና ከኦዞን የሚከላከል ሰም መሳይ ነገር ይጨመራል፣ ያ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን የሚሸፍነው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። የቆመ ጎማ ራሱን መቀባት ያቆማል። ሚሽሊን ለምሳሌ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ጥርስ ቢኖረውም ባይኖረውም ይውጣ ይላል። ስለዚህ ያገለገለ አርቪ ስታዩ ከሞተሩም በፊት እነዚያን አራት ቁጥሮች አንብቡ። ስድስቱንም ጎማ! እኛ ጋ አንደኛው የውስጥ ጎማ ከሌሎቹም የባሰ፣ የ2011 ነበር።

ምርጫው

ልኩ ላይ ምርጫ የለም፤ ሹፌሩ በር ላይ ያለው ወረቀት ኤልቲ 225/75 አር 16 ይላል፣ እሱኑ ነው የምትገዛው። ፊት ለፊቱ ያለው "ኤልቲ" ግን ወሳኝ ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ መሆኑን ነው የሚናገረው። ያንኑ ቁጥር ይዞ "ፒ" የሚል ወይም ምንም ፊደል የሌለው ርካሽ ጎማ ቢያቀርቡልህ አትንካው። ቀጥሎ የጭነት ደረጃው፦ "ኢ" መሆን አለበት። የጭነት ቁጥሩ 115/112 ነው። ይህ ማለት ጎማው ለብቻው ሲሆን በ80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) 2,680 ፓውንድ ይሸከማል፣ በመንታ ሲሆን ግን 2,470 ብቻ። መንታ ጎማዎች ሸክሙን እኩል ስለማይካፈሉና አንዱ የሌላውን ሙቀት ስለሚቀበል ነው የሚቀነስባቸው።

እኔ የመረጥኩት ሚሽሊን አጂሊስ ክሮስክላይሜትን ነው። የበረዶ ምልክቱ አለው፣ ኮሎራዶ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰባት ገዛሁ፤ ስድስቱ ለመኪናዋ፣ አንዱ ለስኮርታ። ባለቤቴ ዋጋውን ስታይ ዝም አለች፣ አባባ የአሮጌውን ጎማ ስንጥቅ ካሳዩዋት በኋላ ግን እሷው ናት ደውላ ቀጠሮ የያዘችው።

የመጀመሪያው የጎማ ቤት "አዲስ" ብሎ ያወጣልኝን ቁጥሩን ሳነብ ሦስት ዓመት መጋዘን የተኛ ሆኖ አገኘሁት። አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት 0924 አመጣልኝ፣ ደስ አለኝ። ቫልቮላዎቹ ብረት እንዲሆኑም ተናገርኩ። ተራው የጎማ ቫልቮላ የሚችለው እስከ 65 ፒኤስአይ ድረስ ነው፣ እኛ ደግሞ ወደ 80 ነው የምንነፋው። ፊት ላይ ብረት ገጠሙልኝ። ኋላ ግን የውስጡን ጎማ ወደ ውጭ የሚያወጣውን አሮጌውን ተጣጣፊ ማስረዘሚያ እዚያው መልሰው ሰክተውታል። እኔ አላየሁም። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የመነሻው ዋዜማ፦ ሚዛን

ጎማ ስንት ይነፋ ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም መልስ አለው። አንዱ ጎማው ላይ የተጻፈውን ሙላ ይልሃል፣ ሌላው በሩ ላይ ያለውን፣ ሌላው ደግሞ እንዳይነጥር ቀነስ አድርገው። ትክክለኛው መልስ ሚዛን ላይ ነው ያለው። ጎማው ጎን ላይ ያለው 80 ትልቁን ጭነት ሲሸከም የሚያስፈልገው ነው። አንተ ስንት እንደጫንክ ግን ጎማው ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ሁሉንም ጫንን። ዱቄቱን፣ በርበሬውን፣ ምጣዱን፣ የአባባን ሁለት ሻንጣ፣ ሙሉ ቤንዚን፣ 40 ጋሎን ውሃ። ውሃው ብቻ 330 ፓውንድ ገደማ ነው። አምስታችንም ገባንና የከባድ መኪና ማረፊያ ሄደን ካት ስኬል የሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ ወጣን። ፊት 4,300፣ ኋላ 8,900፣ በድምሩ 13,200 ፓውንድ። መኪናዋ የምትችለው 14,500 ነው። አባባ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እኛ ሚዛን የምንወጣው ተገደን ነበር" አሉ፣ "አንተ ከፍለህ ትወጣለህ?" አዎ አባባ፣ ከፍዬ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ኋላ 8,900 ለአራት ሲካፈል 2,225 ይደርሳል። የጎማው ሰንጠረዥ መንታ ጎማ በ65 ፒኤስአይ 2,150 ይሸከማል ይላል፣ አይበቃም። በ80 ደግሞ 2,470። ፍሪጁና ምድጃው በግራ በኩል ስለሆኑ አንዱ ጎን እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ሚዛኑ ግን ግራና ቀኝ ለይቶ አልሰጠኝም፤ ስለዚህ ትርፍ ትቼለት 75 አልኩ። ፊት ለእያንዳንዱ 2,150 ነው፣ በ65 ለብቻው 2,335 ስለሚችል 65 ይበቃው ነበር፣ እኔ ግን 70 አደረግኩት። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁሉ እኩል፣ በከባዱ ጎን ልክ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቀን 1፦ ከአውሮራ ግራንድ ጃንክሽን

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ 52 ዲግሪ ፋራናይት። ጎማ የሚለካው አሁን ነው። አባባ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ በአፋር በረሃ ጎማ የሚታየው ሳይነጋ ነበር፣ ፀሐይ ከነካው በኋላ የሚናገረውን አታምነውም ይላሉ። ቀዝቃዛ ማለት በረዶ ማለት አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ፀሐይ ያልመታው ማለት ነው። የሚነገሩት የንፋስ ልኮች ሁሉ ለዚህ ሰዓት ናቸው።

ፊት 70፣ ኋላ 75። አባባ በእንጨት መዶሻ እያንዳንዱን መቱት። ድምፁን አዳመጡ። የተነፈሰ ጎማ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የሞላው ይነጥራል። እኔ መለኪያውን ሰካሁ። ሁለታችንም ዞርን፣ እሳቸው በጆሮ እኔ በቁጥር። የመዶሻው ድምፅ ፍጹም የተነፈሰውን ይለያል፣ አሥር ፒኤስአይ የጎደለውን ግን አይለይም፤ ይህን አባባም ያምናሉ። ለዚያ ነው እያንዳንዱ ቫልቮላ ላይ ትንሽ ሴንሰር አጥብቄ ስክሪኑን ከመሪው አጠገብ የለጠፍኩት። የአሜሪካ ሕግ ይህን መሣሪያ የሚያስገድደው እስከ 10,000 ፓውንድ ባሉ መኪኖች ነው፣ መንታ ጎማ ያላቸውንም አይጨምርም። የእኛዋ ይዛው አልተወለደችም።

ጆርጅታውን ስንደርስ ቆምን። አዲስ ጎማ ከገጠምክ ከ50 እስከ 100 ማይል ውስጥ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ አለብህ። የእኛ ልኩ 140 ነው፣ በፉት-ፓውንድ። ሁለቱ ትንሽ ዞሩ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ከዚያ አቀበት። አይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 11,158 ጫማ ነው፣ ትንሿ ልጄ ጆሮዬ ተደፈነ ብላ ታለቅሳለች። ስክሪኑ ላይ የኋላዎቹ 86 ሆነዋል። ልቤ ዘለለ፣ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎማው ሞቋል፣ ደግሞም ከፍ ባልክ ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል፣ በየ1,000 ጫማው መለኪያህ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ጎማ ለዚህ ተብሎ ነው የሚሠራው።

ከዋሻው በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ፍሬናቸው ለከዳቸው ከባድ መኪኖች የአሸዋ መውጫ የተሠራለት ቁልቁለት ነው። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" አሉኝ አባባ ከኋላ ወንበር፣ ቀስ ብለው። ማርሹን ዝቅ አድርጌ በሞተር ያዝኳት፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ። ፍሬን ሲግል ግለቱ በቸርኬው በኩል ጎማው ውስጥ ይገባል። የፊቶቹ ከ80 ወደ 83 ሲወጡ በዓይኔ አየሁ። ሲልቨርቶርን ስንደርስ ቆምን፣ ሻይ ጠጣን፣ ሁሉም ሲበርድ ወረደ።

ግሌንዉድ ካንየንን ዝም ብለን አለፍን፤ ገደሉ በሁለቱም በኩል ሰማይ ጠቀስ ነው፣ ወንዙ ሥሩ ይሄዳል፣ አባባ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ዓባይ በረሃን ያወራሉ። ማታ ግራንድ ጃንክሽን። የቆምንበት ቦታ ዘመም ያለ ስለነበር ከግራ የኋላ ጎማ ሥር ጣውላ አስገባን። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ፦ ጣውላው ከመንታዎቹ የአንዱ ሥር ብቻ ይገባና ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ሁለቱም መቆም አለባቸው፣ ሙሉ እግራቸው ጣውላው ላይ ሆኖ፣ ጠርዙ ሳይንጠለጠል።

ቀን 2፦ ሰው የሌለበት 110 ማይል

ጠዋት 62 ዲግሪ። ከትናንቱ አሥር ዲግሪ ይሞቃል፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ፒኤስአይ መጨመር ይጠበቃል። ኋላ 76፣ 76፣ 76፣ እና... 73። የግራ ውስጥ። አባባን ጠራኋቸው። "ከጓደኞቹ የተለየ ጎማ ሰላም አይደለም" አሉ። እኔ ግን ቸኩያለሁ። ንፋስ ጨምሬ 76 አደረግኩትና ተነሳን። ጥፋቴ ይህ ነው። ጎደለ ብዬ ሞላሁ፣ ለምን ጎደለ ብዬ አልጠየቅኩም።

ግሪን ሪቨር፣ ዩታ ላይ ቤንዚን ሞላን። ከዚህ እስከ ሳላይና 110 ማይል ገደማ ምንም የለም። ቤንዚን የለም፣ ሱቅ የለም፣ ጎሚስታ የለም። ሳን ራፋኤል ስዌል ይባላል፣ መንገዱ ቀይ ዓለት ተሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እንደዚህ ያለ ውበት በሕይወቴ አላየሁም። አርባ ማይል ያህል እንደሄድን ስክሪኑ መጮህ ጀመረ። ሌሎቹ 88 ላይ ናቸው፣ የግራ ውስጡ 80፣ ከዚያ 77፣ ከዚያ 74።

ጎስት ሮክ የሚባል ማረፊያ ደረስንበት፣ እግዜር ይመስገን። ወርደን አየን። ጎማዎቹ ሙሉ ናቸው! ከውጭ ብታየው ምንም የለም። መንታ ጎማ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ የውጪው ወንድሙን ተሸክሞ ይቆማል፣ አንተ ደህና ነው ብለህ ትነዳለህ። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ቢተነፍስ ኖሮ የውጪው ብቻውን 4,450 ፓውንድ ይሸከም ነበር፣ አቅሙ 2,470። በበረሃው ሙቀት አይደለም፣ በጥላም አይችለውም። አንዱ ሲፈነዳ ሌላው የሚከተለው ለዚህ ነው።

አባባ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ባርኔጣቸውን ለልጄ ሰጡና በጎማውና በመንገዱ መካከል በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሴንሰሩን ፈታሁላቸው። አመልካች ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው ምራቁን የማስረዘሚያው ጫፍ ላይ ቀቡት። ምንም። ጣታቸው ወደ ውስጥ ሄደ፣ ማስረዘሚያው ከዋናው ቫልቮላ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። እንደገና ምራቅ። ትንሽ ቆየና አንዲት አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። "ይኸውልህ" አሉ። ጎማው ጤነኛ ነው። የፈሰሰው አሮጌው ማስረዘሚያ ነው፤ የሴንሰሩን ክብደት ተሸክሞ ሲወዛወዝ ቀለበቱ ላልቷል።

ማስረዘሚያውን ፈትተን ጣልነው። የቫልቮላውን ልብ በቁልፍ አጠበቅነው፣ በረጅም እጀታ መንፊያ ውስጥ ድረስ ገብቼ ከትንሿ ኮምፕረሰሬ ንፋስ ሰጠሁት። 11 ደቂቃ ፈጀ። እስከ ስንት ልሙላው? ጎማው ሞቋል፣ የቀዝቃዛውን 76 መፈለግ ዋጋ የለውም። የቀኙን ውስጥ ለካሁ፣ 86 ነው፣ የግራውንም 86 አደረግኩት። ሲሞቅ መስፈሪያህ ወንድሙ ነው። አባባ ደግመው ምራቅ ቀቡ፣ ሦስታችን እኔ፣ እሳቸውና ልጄ አጎንብሰን ጠበቅን። አረፋ የለም።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር ነበር። ጎማ ከልኩ 20 በመቶ ጎድሎ ከተነዳ እንደ ተነፈሰ ይቆጠራል፣ ፈትቶ ውስጡን ሳያዩ እንደገና መንፋት አደገኛ ነው፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ተጎድተው ከሆነ ሲነፋ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። የእኛ 75 ስለሆነ መስመሩ 60 ላይ ነው። በሙቀቱ የነበረው 74 ወደ ቀዝቃዛ ሲመለስ 64 ገደማ ይሆናል። ከመስመሩ በላይ ነው፣ ግን ለጥቂት። ሳላይና ድረስ በ50 ማይል ፍጥነት ሄድኩ፣ ዓይኔ ከስክሪኑ ሳይነቀል። ማንም አላወራም።

ቀን 3፦ ሪችፊልድ፣ ከዚያ ሴንት ጆርጅ

ጠዋት ስለካው 75። ይዟል። ያም ሆኖ ሪችፊልድ ያለች ትንሽ የጎማ ቤት ገባን። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። የፈለግነውን ነገርኩት፦ ለአራቱም የኋላ ጎማዎች ረጅም የብረት ቫልቮላ፣ ማስረዘሚያ የሌለው፣ አንድ ወጥ። አባባ አጠገቡ ቆሙ። ቋንቋ አይግባቡም። ልጁ የግራ ውስጡን ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ አባባ እጃቸውን ውስጡ አስገብተው ዙሪያውን ዳበሱትና መዳፋቸውን አሳዩት። ንጹሕ ነው። ልጁ ገባው፣ አውራ ጣቱን አነሳላቸው። ጎድሎ የተነዳ ጎማ ቢሆን መዳፋቸው ላይ ጥቁር የጎማ ዱቄት ይወጣ ነበር። እኔ ከትናንት ጀምሮ የተነፈስኩት ያን ጊዜ ነው።

ጎማዎቹን ከገጠመልኝ የጎማ ቤት ይልቅ ይህች በመንገድ ዳር ያለችው ሥራውን ሠራችው። ቡሎኖቹን ልጁ በማሽን ብቻ አልለቀቀም፣ በመለኪያ ቁልፍ አንድ በአንድ 140 ላይ ጠቅ እስኪል አጠበቃቸው። ቢቨር ስንደርስ እኔም ደገምኩት።

አይ-15 ላይ ፍጥነቱ 80 ማይል ተፈቅዷል። እኛ 62 ላይ ነበርን። ከኋላ የመጣ ሁሉ ያልፈናል፣ ይለፍ። የአርቪ ጎማ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ ሙቀት የሚመጣው ደግሞ ከሦስት ነገር ነው፦ ከንፋስ ማነስ፣ ከሸክም ብዛት፣ ከፍጥነት። አየሩን መቀየር አልችልም፣ እግሬን ግን እችላለሁ። ሴንት ጆርጅ ስንገባ 102 ዲግሪ ነበር።

ቀን 4፦ ላስ ቬጋስ

ከሴንት ጆርጅ እንደወጣህ መንገዱ የአሪዞናን ጥግ ቆርጦ በቨርጂን ወንዝ ገደል ውስጥ ያልፋል። አጭር ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ድንቅ ነው። ከዚያ ሜስኪት፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ሙቀት ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ላስ ቬጋስ ስንደርስ የኋላዎቹ 94 ያሳያሉ። የእህቴ ባል ስክሪኑን አየና ደነገጠ። "ወንድሜ፣ ሊፈነዳ ነው! ትንሽ አስተንፍሰው እንጂ።" ይህን ምክር በቅንነት የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፣ እና ከሁሉ የከፋው ምክር ነው። የጋለውን ጎማ ብታስተነፍሰው ሲበርድ ከልክ በታች ይሆናል፣ በማግስቱ ስትነዳው ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል። አባባ ቀድመውኝ መለሱለት፦ "ተው ልጄ፣ ጎማ ሲግል አይነካም። በአሰብ መንገድ ይህን ያደረጉ ጓደኞቼን ከመንገድ ዳር ነው የማገኛቸው።"

ቀን 5፣ 6 እና 7፦ ሠርጉ

ጎማዎቹ አስፋልት ላይ ስለቆሙ ከሥራቸው ጣውላ አስገባሁ፣ በፀሐይ በኩል ያሉትን በነጭ ሽፋን ሸፈንኳቸው። ለሦስት ቀን ቢሆንም እሸፍናለሁ። ጠዋት 86 ዲግሪ ላይ ለካሁ፣ ኋላ 79 ነው። ማንም አልነፋውም፤ ከአውሮራ በ34 ዲግሪ ስለሚሞቅ ነው። የቦታው ከፍታ ዝቅ በማለቱ ትንሽ ቀንሷል፣ ሙቀቱ ግን ይበልጣል። እዚህ ወደ 75 ባወርደው ኖሮ አውሮራ ስመለስ 71 ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።

ስለ ሠርጉ ብዙ አልልም። በርበሬው አለቀ፣ ዱቄቱ አለቀ፣ አባባ መረቁ፣ አለቀሱ፣ ጨፈሩ። የግራ ውስጡ በሦስቱም ጠዋት ከወንድሞቹ እኩል ነበር።

መመለሻ

በዚያው መንገድ በሁለት ቀን ተመለስን። ጎስት ሮክ ላይ አባባ ቁሙ አሉና ወርደን ፎቶ ተነሳን፣ በዚያው ጎማ አጠገብ።

በነጋታው አውሮራ፣ 54 ዲግሪ፣ ገና አልነጋም። መለኪያዬን ይዤ ስወጣ አባባ ባትሪያቸውን አብርተው ቀድመውኝ ሥሯ ገብተዋል። "አንብብልኝ" አሉ። ከኪሳቸው የሰርጉን መጥሪያ ካርድ አውጥተው በጀርባው እየጻፉ ነው። ፊት 70፣ 70። ኋላ የቀኝ 75፣ 75። የግራ ውጪ 75። የግራ ውስጥ 75።